ሚኒሶታ ጫካ ውስጥ ያለው የብራና ማኅደር

የሐይቅ እስጢፋኖስን ጥንታዊ የወንጌል ብራና ማየት የፈለገ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ወሎ ወርዶ፣ የገዳሙን አባቶች ለምኖ፣ ዕቃ ቤቱ እስኪከፈትለት መጠበቅ ነው። ሁለተኛው የአንድ ትንሽ አሜሪካዊ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ገብቶ መፈለግ ነው።

ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ቶሎ የሚያነሣው ጥያቄ «እንዴት እዚያ ደረሰ? ማን ወሰደው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ብራናዎችን ጭኖ ሄዷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሚኒሶታው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ከሐይቅ የወጣ መጽሐፍ የለም። የወጣው ፎቶው ነው። ይህ ልዩነት በደንብ መታወቅ አለበት ብዬ ስለማምን ከመነሻው ላስረዳ።

ኮሌጁ ሴንት ጆንስ ይባላል፤ ቅዱስ ዮሐንስ ማለት ነው። ስሙ ላይ «ዩኒቨርሲቲ» የሚል ቃል ቢኖርም፣ አሜሪካውያን ሊበራል አርትስ ከሚሏቸው ትንንሽ ኮሌጆች አንዱ ነው። እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በዋናነት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው የሚያስተምሩት። ተማሪው አንድ ሙያ ብቻ ይዞ አይወጣም፤ ፍልስፍናም ታሪክም ሳይንስም ሥነ ጽሑፍም ይቀምሳል። ክፍሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ መምህሩ ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል። ሴንት ጆንስ የወንዶች ሲሆን፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሴቶቹ ኮሌጅ ሴንት ቤኔዲክት አለ። ሁለቱ ትምህርቱን በጋራ ይሰጣሉ። ቦታው ኮሌጅቪል ይባላል፤ በጫካና በሐይቅ የተከበበ፣ ክረምቱ አጥንት የሚሰብር አካባቢ ነው።

ኮሌጁን የመሠረቱት የካቶሊክ መነኮሳት ናቸው። በ1856 ከፔንስልቬንያ ተነሥተው ሚኒሶታ የገቡት ለጀርመን ስደተኛ ገበሬዎች አገልግሎት ለመስጠት ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1857፣ ሚኒሶታ ገና ክፍለ ግዛት ሳትሆን፣ ትምህርት ቤት የመክፈት ፈቃድ አገኙ። የጀመሩት በጣት በሚቆጠሩ ተማሪዎች ነው። መነኮሳቱ የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሥርዓት የሚከተሉ ናቸው። በዚያ ሥርዓት ጸሎት፣ የእጅ ሥራና ንባብ አብረው ይሄዳሉ። መጽሐፍ መገልበጥና መጠበቅ ለእነሱ እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ ሳይሆን እንደ ምንኩስናው አካል ነው። የእኛን ገዳማት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1944፣ ራሱ ቅዱስ ቤኔዲክቶስ የመሠረተው የሞንቴ ካሲኖ ገዳም በቦምብ ፈራረሰ። ብራናዎቹ የተረፉት ቀደም ብለው ወደ ሮም በመወሰዳቸው ነው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ደግሞ የኑክሌር ቦምብ ስጋት መጣ። አውሮፓ ውስጥ ሌላ ጦርነት ቢነሣ በየገዳሙ የተቀመጡት የመካከለኛው ዘመን መጻሕፍት በአንድ ሌሊት አመድ ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ፍርሃት ነገሠ። በ1960ዎቹ የሴንት ጆንስ ፕሬዚዳንት የነበሩት አባ ኮልማን ባሪ ለዚህ መላ ፈለጉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። መጻሕፍቱን ማንቀሳቀስ አይቻልም፣ ባለቤቶቹም አይፈቅዱም። ስለዚህ ያሉበት ቦታ ሄዶ ፎቶ ማንሣትና ፊልሙን ሩቅ አገር ማስቀመጥ። እኒሁ ሰው ኮሌጁ ውስጥ የሬዲዮ ጣቢያም አስከፍተዋል። የዛሬው የሚኒሶታ የሕዝብ ሬዲዮ በ1967 የተጀመረው እዚያው ግቢ ነው። ሐሳባቸው ከቦታው ስፋት ጋር የማይመጣጠን ሰው ነበሩ።

ሥራው የተሰጠው ለአንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ መነኩሴ ነው፤ አባ ኦሊቨር ካፕስነር። እኒህ ሰው አውሮፓ ሄደው ገዳም ለገዳም ዞሩ። ብዙ ቦታ ፊት ነሷቸው። መጻሕፍቴን ለማያውቀው ካሜራ አልሰጥም የሚል አበምኔት ምን ይፈረድበታል? በመጨረሻ ኦስትሪያ ውስጥ በር ተከፈተላቸውና በ1965 ክሬምስሙንስተር በተባለ ገዳም የመጀመሪያው ፎቶ ተነሣ። ከኦስትሪያ በኋላ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። ማኅደሩ ዛሬ ሂል የሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይባላል። «ሂል» የሚለው ስም ገንዘብ ከሰጠው የሚኒሶታ ቤተሰብ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ማይክሮፊልም ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ወጣት አንባቢ ላያውቀው ይችላል። ማይክሮፊልም የድሮ የፎቶ ካሜራ ፊልም ነው። እያንዳንዱ የመጽሐፍ ገጽ በጣም ትንሽ ሆኖ ይነሣና ፊልሙ እንደ ክር ይጠቀለላል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ጥቅል ይሆናል። ለማንበብ ብርሃንና የሚያጎላ መስታወት ይበቃል። ኮምፒውተርም ሶፍትዌርም አይጠይቅም። ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። ጉድለቱ ጥቁርና ነጭ መሆኑ ነው። በግእዝ ብራና ላይ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ በፊልሙ ላይ ቀዩ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ሥዕሉም ቀለሙን ያጣል። ቢሆንም ጽሑፉ ይነበባል። በዚያ ዘመን ለነበረው ዓላማ ይህ በቂ ነበር።

ኢትዮጵያ እንዴት ገባች

ኢትዮጵያን ወደዚህ ሥራ ያስገባት በመጀመሪያ ደረጃ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። አሜሪካዊው የብሉይ ኪዳን ምሁር ዋልተር ሃረልሰን ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ነበሩ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ በሙሉ ተጠብቆ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በሙት ባሕር ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል፣ የግሪኩም በከፊል አለ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ የፈለገ ግን የኢትዮጵያን ብራና መክፈት አለበት። መጽሐፈ ኩፋሌም ከዚህ ብዙ አይለይም። አውሮፓ ውስጥ የነበሩት የግእዝ ቅጂዎች ግን ጥቂትና በአብዛኛው ቅርብ ዘመን የተጻፉ ነበሩ። የቆዩት ያሉት በየአድባራቱና በየገዳማቱ ነው።

ውይይቱ በ1970ዎቹ መግቢያ ተጀመረ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ የመንግሥት የባህል መሥሪያ ቤት፣ ሴንት ጆንስና ቫንደርቢልት ተስማሙ። የጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ነበሩ። የእሳቸው ድጋፍ ባይኖር አንድም የዕቃ ቤት ቁልፍ አይዞርም ነበር። ስምምነቱ ላይ በጣም የምወደው ነጥብ ይህ ነው፤ ፊልሙ በሁለት ቅጂ እንዲዘጋጅ ተደረገ። አንዱ አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይቀመጣል። ሌላው ሚኒሶታ ይሄዳል። መጽሐፉ ራሱ ከባለቤቱ ደብር ጋር ይቀራል።

ፎቶ ማንሣቱ በ1973 ገደማ ተጀመረ። ካሜራውን የያዙት ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ አብዮቱ ፈነዳ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ወጣ፣ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፣ በኋላም ተገደሉ። ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወዳጅነት ተበላሸ። እንዲህ ባለ ጊዜ የአሜሪካ ገንዘብ ያለበት፣ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን የሚያነሣ ፕሮጀክት በነጋታው ይዘጋል ብሎ የሚገምት ሰው አይሳሳትም። ግን አልተዘጋም። ሥራው በደርግ ዘመንም ቀጠለ፣ ከዚያም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ዘለቀ። ሲያበቃ ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሥተው ነበር። ከሸዋ የተነሡት ይበዛሉ፤ ከወሎና ከጎጃምም ብዙ አለ። ጦርነት ባለበት ሰሜን ግን መድረስ አልተቻለም።

ስማቸው በየትኛውም የመጽሐፍ ሽፋን ላይ የሌለ እነዚያ ፎቶ አንሺዎች ትልቅ ክብር ይገባቸዋል። በሰላሙ ጊዜ እንኳ የማይመች መንገድ ነው። አባቶችን ማሳመን፣ ገጽ በገጽ መግለጥ፣ ብራናው እንዳይጎዳ መጠንቀቅ፣ ፊልሙን ከሙቀት መጠበቅ አለበት። ይህን ሁሉ ያደረጉት አገሩ በሚታመስበት ወቅት ነው።

ፊልም ብቻውን ማኅደር አይሆንም

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። 9,000 ጥቅል ፊልም መደርደሪያ ላይ ቢደረደር፣ ውስጡ ምን እንዳለ ካልታወቀ ምንም አይጠቅምም። የግእዝ ብራና እንደ ዛሬ መጽሐፍ የርእስ ገጽ የለውም። አንዱ ጥራዝ ውስጥ ገድልም ድርሳንም ጸሎትም ተቀላቅለው ይገኛሉ። መጀመሪያው ወይም መጨረሻው ቅጠል የወደቀበት ሞልቷል። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ማንበብ አለበት። ይህ ምንድን ነው? መቼ ተጻፈ? ማን አስጻፈው? የየት ደብር ነው? ሥዕል አለው?

ዕድሜውን ማወቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጸሐፊው ዓመተ ምሕረቱን ካልጻፈ፣ በጸሎቱ መካከል የሚጠራው ንጉሥና ጳጳስ ማን እንደሆነ ይታያል። ያም ከሌለ የፊደሉ ቅርጽ ይመረመራል። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ፊደል ቀጥ ያለና ማዕዘናም ነው። የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን የጎንደር ጽሕፈት ደግሞ ክብ፣ ደልደል ያለና የተዋበ ነው። ዓይኑ የለመደ ሰው ከአንድ ገጽ ተነሥቶ ዘመኑን በግምት ይናገራል።

ይህን ሥራ ከማንም በላይ የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1931 ሸዋ፣ ሸንኮራ ተወለዱ። ካይሮ ተምረው፣ ጀርመን ቱቢንገን በ1962 ዶክትሬታቸውን ያዙ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸውን ከብበው ተኮሱባቸው። አከርካሪያቸው ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት ዘመናቸው ሁሉ የሚንቀሳቀሱት በተሽከርካሪ ወንበር ነበር። ለሕክምና ለንደን ሄዱ። በ1976 ከሴንት ጆንስ ጥሪ መጣላቸውና ከነቤተሰባቸው ሚኒሶታ ገቡ።

እስቲ አስቡት። አገራቸው ውስጥ ሊገደሉ የተፈለጉ ሰው፣ ከአገራቸው የሚላከውን የፊልም ጥቅል በዚያ በበረዶ አገር እየተቀበሉ ያነባሉ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሐይቅን፣ ደብረ ሊባኖስን፣ የሸዋን ገጠር አድባራት ገጽ በገጽ ይዞራሉ። ከአሜሪካዊው ምሁር ዊልያም ማኮምበር ጋር በተከታታይ ያዘጋጇቸው አሥር የካታሎግ ቅጾች 5,000 ብራናዎችን ይዘረዝራሉ። በዓለም ላይ የግእዝ ሥነ ጽሑፍን የሚያጠና ሰው ሁሉ እነዚያን ቅጾች ሳይገልጥ አይውልም። በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። ይህ በአሜሪካ ለላቀ የፈጠራና የምርምር ችሎታ የሚሰጥ ከባድ ሽልማት ነው። በ2021 አረፉ።

ለአማርኛ አንባቢም ብዙ አተረፉ። ለምሳሌ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተነሡትን የአባ እስጢፋኖስን ተከታዮች ታሪክ እንውሰድ። እነዚህ መነኮሳት ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር በሃይማኖት ጉዳይ ተጋጭተው ብዙ መከራ ተቀብለዋል። የንጉሡ ወገን የጻፈው ታሪክ ስለ እነሱ የሚናገረው እንደ መናፍቃን ነው። የራሳቸው ገድል ግን በብራና ተጽፎ ቆይቷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ያንን ከግእዝ ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ» ብለው አሳተሙት። አሸናፊው ብቻ በሚናገርበት ታሪክ ውስጥ የተሸነፈው ወገን ድምፅ ተሰማ። ማኅደር የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ከሀብቶቹ ጥቂቱ

በፊልሞቹ ውስጥ ያለውን ሁሉ መዘርዘር አይቻልም፤ ሁለት ሦስት ልጥቀስ።

መግቢያው ላይ ያነሣሁት የሐይቅ ወንጌል በማኅደሩ የፊልም ዝርዝር ውስጥ ቁጥሩ 1832 ነው። የተጻፈው በ1280 ወይም 1281 ነው። ይህ ማለት ዐፄ ይኩኖ አምላክ በነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው። አስጻፊው የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው፤ የእሳቸው ሥዕል መጽሐፉ ውስጥ አለ። በትውፊት አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩ አባት ናቸው። ምስላቸውን በዘመናቸው በተሣለ ሥዕል ማየት መቻል በእኔ ግምት ከማንኛውም ወርቅ ይበልጣል። ሥዕሉ ቁም ነገር ሆኖ ሳለ፣ የታሪክ ሰዎች ግን ከዚህ መጽሐፍ የሚወዱት ሌላ ገጽ ነው። ገዳሙ የነበሩት መጻሕፍት ዝርዝር እዚያው ተመዝግቧል። ኢትዮጵያ ውስጥ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ገዳም ምን ምን ያነብ እንደነበር የሚነግረን ሰነድ ነው። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ዝርዝር ማግኘት ብርቅ ነው።

የመጽሐፈ ሄኖክም ጉዳይ የታሰበውን ያህል ፍሬ ሰጠ። ቀድሞ ምሁራን የማያውቋቸው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ቅጂዎች ተገኙ። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ከወሰዳቸው ቅጂዎች ይልቅ የእነዚህ ንባብ ለጥንቱ ይቀርባል። ዛሬ ሄኖክን በቁም ነገር የሚተረጉም ሰው እነዚህን ሳያይ ሥራውን ተቀባይ አያገኝለትም።

ሌላው ሀብት ኅዳግ ላይ ያለው ነው። አባቶቻችን ወንጌልን እንደ መዝገብ ቤትም ይጠቀሙበት ነበር። መሬት ሲሰጥ፣ ውል ሲታሰር፣ ሰው ርስቱን ሲያወርስ፣ ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፋል። በወንጌል ላይ የተጻፈን ውል ማን ይክዳል? ስለዚህ ታሪክ ጸሐፊው ስለ ጉልት፣ ስለ ግብር፣ ስለ ረኃብ ዓመት፣ ስለ አንድ በሬ ዋጋ የሚያውቀው ብዙ ነገር ከእነዚህ ማስታወሻዎች የተገኘ ነው። ከነገሥታት ዜና መዋዕል የማይገኝ የተራ ሰው ኑሮ እዚያ አለ።

በብዙ ብራናዎች መጨረሻ ደግሞ ይህ እርግማን ይገኛል፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»። የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። እርግማኑ ሁሉንም ሌባ አላስቆመም። ባለፉት አሥርት ዓመታት ብዙ ብራናዎች ከየደብሩ እየወጡ በየገበያው ተሸጠዋል። እዚህ ላይ ነው ፊልሙ ያልታሰበ ጥቅም የሰጠው።

በ2016 መጀመሪያ ዋሽንግተን የሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አንድ ብራና ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መለሰ። ብራናው የቅዱስ ጳውሎስን ገድልና የቅዱስ ሰራባሞንን ገድል የያዘ ነው። ትምህርት ቤቱ ያገኘው ከአንድ ሰብሳቢ ስጦታ ጋር ነበር። የደብረ ሊባኖስ መሆኑ በምን ታወቀ? ቀደም ሲል በ1970ዎቹ ገዳሙ ውስጥ እያለ ፎቶ ተነሥቷል፤ ፊልሙም ሚኒሶታ ነበር። ክርክር አያስፈልገውም፤ ፊልሙን ከመጽሐፉ ጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ሃዋርድ ይህን ሲረዳ በክብር መልሷል፤ ሊመሰገን ይገባዋል።

ሌሎች ብራናዎችም በዚህ መንገድ ሊታወቁ ይችላሉ። በግል ሰዎች እጅና በጨረታ ቤቶች ያለውን አንድ በአንድ ከፊልሙ ጋር ማስተያየት ከባድ ሥራ ነው፣ ግን የሚቻል ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ለዚህ ባለሙያ ቢመድቡ የሚወጣው ገንዘብ ከሚገኘው ጋር አይወዳደርም ብዬ አምናለሁ።

ከፊልም ወደ ስልክ

በ2003 ማኅደሩ ፊልሙን ትቶ ዲጂታል ካሜራ ያዘ። በዚያው ዓመት አባ ኮሉምባ ስቱዋርት ኃላፊ ሆኑ። እሳቸውም የሴንት ጆንስ መነኩሴ ናቸው። ሥራው ወደ ሊባኖስ፣ ሶርያና ኢራቅ ሰፋ። የሞሱሉን ነገር ማንሣት ግድ ነው። አባ ናጂብ ሚካኤል የተባሉ ኢራቃዊ መነኩሴ ከማኅደሩ ጋር ሆነው የአካባቢውን ክርስቲያኖች ብራናዎች ያነሡ ነበር። በ2014 እስላማዊ መንግሥት ነኝ የሚለው ቡድን ሲመጣ ያሏቸውን መጻሕፍት መኪና ላይ ጭነው ወደ ኤርቢል አሸሹ። ሊያወጡት ያልቻሉትም ብዙ ነበር፤ ከእነዚያ አንዳንዶቹ ዛሬ ያሉት በፎቶ ብቻ ነው። የማሊዋ ቲምቡክቱ እስላማዊ ብራናዎችም ከ2013 ጀምሮ በዚሁ ማኅደር ትብብር ይነሣሉ። ካቶሊካዊ ገዳም የሙስሊሞችን፣ የኦርቶዶክሶችን መጻሕፍት እኩል ይጠብቃል። ይህን በልቤ ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ።

በኢትዮጵያም ፊልሙ ያልደረሰበትን የሚሞላ ሥራ ተሠርቷል። ትግራይ ውስጥ ያለው የጉንዳ ጉንዶ ገዳም የእነዚያው የደቂቀ እስጢፋኖስ ማዕከል ነው። ከ200 በላይ የሆኑት ብራናዎቹ በ2006 በዲጂታል ካሜራ ተነሥተዋል። በኋላ በትግራይ ጦርነት ሲነሣ፣ ያ ሥራ ቀድሞ መሠራቱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

የድሮዎቹ ማይክሮፊልሞችም ወደ ዲጂታል ተለውጠው ኢንተርኔት ላይ ይወጣሉ። ማየት ነፃ ነው። ስምና ኢሜይል አስገብታችሁ ትመዘገባላችሁ፣ ከዚያ ገጾቹን አጉልታችሁ ታያላችሁ። መብቱ ግን የባለቤቱ ደብር ነው። ፎቶውን አውርዶ መሸጥ ወይም ያለ ፈቃድ ማሳተም አይቻልም።

ለመፈለግ የሚረዳ ምክር ልስጥ። የኢትዮጵያ ፊልሞች የሚታወቁት «ኢ፣ ኤም፣ ኤም፣ ኤል» (EMML) በሚሉ አራት የላቲን ፊደላትና በቁጥር ነው። ቁጥሩን ካወቃችሁ በቀጥታ ጻፉት። ካላወቃችሁ የደብሩን ወይም የገዳሙን ስም በላቲን ፊደል ሞክሩ። አጻጻፉ እንደ ፈረንጆቹ ሊቃውንት ስለሆነ አንዱ ካልሠራ ሌላ አማራጭ መሞከር አለባችሁ። «ሐይቅ» ብቻ በሁለት ሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል።

በ1993 ከወጣው የመጨረሻው የታተመ ካታሎግ በኋላ ያሉት ብራናዎች ዝርዝራቸው የሚሠራው በቀጥታ ድረ ገጹ ላይ ነው። የአንዳንዱ መግለጫ ረጅምና የተሟላ ነው፣ የአንዳንዱ ገና አጭር ነው። አጭር መግለጫ ያለው ላይ ስትደርሱ አትመለሱ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው፣ ዳዊት የደገመ ሰው፣ ወይም የአያቱን አገር የወንዝና የጎጥ ስም የሚያውቅ ሰው፣ ሚኒሶታ ያለው ባለሙያ የማያየውን እዚያ ያያል። በኅዳግ የተጻፈው የመሬት ስም ለውጭ ሰው ትርጉም የሌለው ቃል ነው። ለአገሬው ግን ከብት የጠበቀበት ሜዳ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የአካባቢያችሁን ደብር ብራና ካገኛችሁ፣ ዋናውን ጽሑፍ ከማንበባችሁ በፊት ከፊትና ከኋላ ያሉትን የመጠበቂያ ቅጠሎች ተመልከቱ። የሰጪው ስም፣ የመሬቱ ወሰን፣ የምስክሮቹ ዝርዝር የሚገኘው እዚያ ነው።